“አወቅሁዎት” እያልሁ የከረምሁበት ሕመም

በደንብ የፋመ ከሰል አይጎዳም የሚል ሰው ካለ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥና ሠርጌ ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቀኝ። አላውቅም። ከሠርጌ በፊት የነበረውን ግን ጠይቁኝ፤ ዳንግላ ላይ ስፌት ያስተማረችኝ ሴትዮ ታደርገው የነበረውን ጫማ ሳይቀር እነግራችኋለሁ። የጠፋው መካከሉ ነው። አንድ ጨርቅ መሃሉን ቆርጠው ጥለው ጫፍና ጫፉን ቢሰፉት እንደሚሆነው ሆኛለሁ።

ስሜ አያልነሽ ነው፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። የታመምሁት እንጅባራ ነው፤ እኛ እስካሁን ቆሰበር እያልን የምንጠራት ከተማ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ሁለት ነገር ለማስጠንቀቅ ነው። አንዱ ስለ ከሰል ነው፤ እሱ አጭር ነው። ሌላው ስለ ይሉኝታ ነው፤ እሱ ይረዝማል። ከሁለቱ አብልጦ ያሰረኝ ግን ይሉኝታው ነው።

የቆሰበርን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል። ጉሙ ጠዋት ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል፣ ሰው ከቤት የሚወጣው ተገዶ ነው። ባለቤቴ ጌትነት ከሰል ነጋዴ ነው። በአካባቢያችን ገበሬው ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፣ ሲደርስ ቆርጦ ያከስለዋል፤ ጌትነት ከገበሬው ገዝቶ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። ስለዚህ በእኛ ቤት ሌላ ነገር ሊጎድል ይችላል እንጂ ከሰል አይጠፋም። ከሰል የሚያከስልና የሚነግድ ሰው ደግሞ ስለ ከሰል ከማንም በላይ የሚያውቅ ይመስለዋል። እኛ የምናውቀው ይህን ነበር፦ ማንደጃው ጭሱ እስኪያልቅ ደጅ ይቀመጣል፤ ቀይ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ይገባል። ጭስ ከሌለ አደጋ የለም ብለን እናምን ነበር።

እንደነገሩኝ ከሆነ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ለማድረስ እየተጣደፍሁ የስፌት ክፍሌን በርና መስኮት ዘግቼ፣ በበሩ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ቁራጭ ጨርቅ ወትፌ፣ ፍሙን እግሬ ሥር አድርጌ እሰፋ ነበር። ጌትነት ለራት ሊጠራኝ ሲመጣ የስፌት መኪናዬ ላይ በግንባሬ ተደፍቼ አገኘኝ። ደጅ አወጡኝ፣ ወተት ሊያጠጡኝ ሞከሩ፣ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነቃሁ። “ከሰል አፍኗት ነው፤ እንኳን ተረፈች” ተባለና ወደ ቤት ተመለስሁ። ዩኒፎርሞቹንም ጨርሼ አስረክቤያለሁ አሉ። በዚሁ አለቀ ብለው ሁሉም ረሱት።

አላለቀም። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር፤ ወጥ ውስጥ ጨው ደጋግሜ እጨምራለሁ፣ ልለካው የጠራሁትን ደንበኛ ምን ፈልገህ ነው እለዋለሁ። ከዚያ አልጋ ላይ ወደቅሁ። ከአልጋው በኋላ ያለውን ነው እኔ ራሴ የማስታውሰው።

መጀመሪያ የማስታውሰው ሴትዮዋን ነው። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። አንዲት ጠና ያሉ ሴት በነጠላቸው ጠርዝ ዓይናቸውን እየጠረጉ ጎንበስ አሉብኝና “አያል፣ እኔን ታውቂኛለሽ?” አሉኝ። አላወቅኋቸውም። ግን ያለቅሳሉ፤ በዝናብ መጥተዋል፤ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

“አወቅሁዎት እንጂ!” አልሁ።

ቤቱ በእሰይ እሰይ ተናጋ። “አወቀቻት! አወቀቻት!” ተባለ። ሴትዮዋ ጉንጬን ሳሙኝና ቀና ሲሉ ተራው የሌላ ሰው ሆነ። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ አልጋዬ ሥር እየተሰለፈ ጠየቀኝ፤ እኔም ሁሉንም አወቅሁ። አንድም ሰው አላውቅም ነበር። የት እንዳለሁም አላውቅም። በእኔ ቤት ገና ዳንግላ እናትና አባቴ ዘንድ ያለሁ ልጃገረድ ነኝ፤ ይህ ሁሉ ሰው ለምን እንደመጣብኝ ግራ ገብቶኛል።

አንድ ጊዜ አወቅሁ ያለ ሰው መመለሻ የለውም። ነገ “ይቅርታ፣ ትናንት ዋሽቼ ነው” ብትል፣ ዳቦውን ይዘው የመጡት ሴትዮ ምን ይሰማቸዋል? እንዲህ እያልሁ አንዱን ቀን በሌላው ላይ ደረብሁ።

የእኛ ሰላምታ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ውሸት የተሠራ ይመስላል።

“እንዴት ሰነበትሽ አያል?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?”

“ይመስገን። ተሻለሽ?”

“ደህና ነኝ። ቤት ሁሉ ደህና ነው? ልጆችስ?”

“ደህና ናቸው፣ አድገዋል። ዝናቡ ግን ዘንድሮ አላቋርጥ ብሎ ከበደን።”

“ምን ይደረግ፣ ያልፋል።”

ይኸው፤ ማን እንደሆኑ ሳላውቅ ግማሽ ቀን አብሬያቸው መዋል እችላለሁ። አንድ ቀን ብቻ ተያዝሁ። ገና ያላገባች የጎረቤት ልጅን “ልጆችሽስ ደህና ናቸው?” ብያት ልጅቱ በድንጋጤ ክው አለች። አማቴ እማ ጠጅቱ ፈጥነው “መቀለድ ትወዳለች እኮ!” አሉና ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሁሉም ይልቅ ያንን ሳቅ ስስቅ ነው የፈራሁት፤ ቤቱ ሁሉ ስለ ደህንነቴ ምስክር ሆኖልኝ ማንም ከውሸቴ ሊያወጣኝ እንደማይችል ገባኝ።

ጌትነትን ባሌ መሆኑን ያወቅሁት ከሰዎቹ አኳኋን ነው። ጃኬቱ በዝናብ የራሰ፣ ጥፍሩ ሥር የከሰል ጥቁረት የማይለቀው ሰውዬ ሲገባ ሁሉም ቦታ ለቀቀለት፤ እሱም መጥቶ ከአልጋዬ ግርጌ ተቀመጠ። የቤቱ ጌታ ነው አልሁ በልቤ። ታዲያ የቤቱ ጌታ እሱ ከሆነ በአልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ምኑ ነኝ? ከጠያቂዎቹ ሁሉ “ታውቂኛለሽ?” ብሎ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። “ሙቀቱ ይበቃሻል?” አለኝ። “ይበቃኛል፣ ይስጥልኝ፤ እርስዎ በርዶዎታል፣ ልብስዎን ይቀይሩ” አልሁት። እማ ጠጅቱ ይህን ሰምተው በደስታ አበዱ። “አያችሁ፣ ሕመም እንኳ ሰው ያስተምራል፤ ባሏን ማክበር ጀመረች!” አሉ። ጌትነት ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

የዚያን ዕለት “ታማሚ ሰፊ አልጋ ያስፈልጋታል” ብሎ ፍራሹን ወደ ስፌት ክፍሌ ወሰደና እዚያ መተኛት ጀመረ። ያቺን ደግነቱን እስከምሞት አልረሳትም። ለማንም ልነግረው ያልቻልሁት ትልቁ ፍርሃቴ እሱ ነበር፤ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን የማላውቀው ወንድ ስለሆነ።

እማ ጠጅቱ ሊያስታምሙኝ ከቡሬ መጥተው ነበር። በሙሉ ልብ አስታመሙኝ፤ ሐሰት አልናገርም። ነገር ግን መርሳቴን በጊዜው ነቅተውበት ሳይሆን አይቀርም፣ ትንሽ ትንሽ ይጠቀሙበት ጀመር። “አንቺ እኮ ጠዋት ጠዋት እግሬን ሳታጥቢ ቁርስ አታቀርቢም ነበር” አሉኝ። እሺ ብዬ አጠብሁ። ሰንበት ብሎ “ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር አትወጂም ነበር” አሉኝ፤ ድምፄን ቀነስሁ። አንድ ቀን ጌትነት በጠዋት መጥቶ እግራቸውን ሳጥብ አየንና ቆሞ ቀረ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“እንደ ድሮዬ እያጠብሁ ነዋ” አልሁ።

“ድሮ መቼ?” አለ። እናቱ ወደ ውጭ አዩ። ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን በእጁ ያዘ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን ውሃውን ደፍቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። እግር ማጠቡ አልከበደኝም። የገባኝ ነገር ነው የከበደኝ፤ እኔ ባዶ ቤት ሆኛለሁ፣ የፈለገ ሁሉ ዕቃውን አምጥቶ ያስቀምጥብኛል። ጎረቤቷ “ነገረኛ ነበርሽ” ትለኛለች፣ እማ ጠጅቱ “ዝምተኛ ነበርሽ” ይሉኛል። የትኛዋን እንድሆን ነው የምትፈልጉት ብዬ እንዳልጮህ፣ ሁሉንም አውቃለሁ ብዬአለሁ።

መውጣት አማረኝ። አንድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ወደ መናኸሪያ ሄድሁና ዳንግላ የሚጠራ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። ወደ ቤቴ የምሄድ ነው የመሰለኝ። ለእናቴ ‘እየተሻላት ነው፣ አትድከሚ’ እየተባለ ይላክላት እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ረዳቱ አየኝና “የጌትነት ሚስት! የት ነው በባዶ እጅ? ታምመሽ የለ እንዴ?” ብሎ ለጌትነት ደወለለት። ጌትነት እየሮጠ መጣ። አልተቆጣኝም፤ እጄንም አልያዘኝም፤ ከጎኔ ከጎኔ እየተራመደ መለሰኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን እሱ ወደ ጭነቱ፣ እማ ጠጅቱ ወደ ገበያ ሲወጡ የግቢው የቆርቆሮ በር ከውጭ መቆለፍ ጀመረ። “ለደህንነትሽ ነው” ተባልሁ። ልክ ነበሩ። ብወጣ እጠፋለሁ። ግን ልክ መሆናቸው የቁልፉን ድምፅ አላቀለለውም።

ቀኑን ሙሉ በመስኮት የማየው እስከ ጣሪያ የተደረደረ የከሰል ጆንያ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይውላል። ግቢው ዳር ሄጄ በበሩ ስንጥቅ መንገዱን አያለሁ፤ ባጃጅ በጭቃው ውስጥ እየተንገታገተ ያልፋል፣ ሰው ጥላ አዘንብሎ ይሮጣል። ያለፈ ሰው ስንጥቁ ላይ ዓይኔን ካየ “እንዴት ዋልሽ አያል?” ይለኛል። “እግዚአብሔር ይመስገን” እላለሁ። እንዴት ክፈቱልኝ ይባላል? ያኔ እንደ እብድ ያዩኛል። ከሁሉ የምፈራው የንጋትን ሰዓት ነበር፤ ዓይኔን ስገልጥ የማን ቤት እንደሆነ እስካስታውስ ያለችው ጊዜ ትጨንቀኛለች።

ብቸኛዋ እፎይታዬ የስፌት መኪናዋ ናት። እጄ አልረሳም ነበር። ጨርቁን መርፌዋ ሥር ሳስገባ ጣቶቼ የሚሄዱበትን ያውቃሉ። ለማን እንደምሰፋ ሳላውቅ እሰፋለሁ።

ሐኪም ቤት አልተመላለስንም እንዳትሉ። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ደም ታየና ታይፎይድም ታይፈስም አለባት ተባለ፤ መርፌ ተወጋሁ። ሁለተኛው ዘንድ ጭንቀት ነው ተባለ፤ ልጅ አለመውለዷ ነው ያስጨነቃት አሉ፣ የሚሰጡኝ ክኒን ቁጭ ባልሁበት ያስተኛኝ ነበር። ሐኪሞቹን አልወቅሳቸውም። ጥያቄው ለእኔ ሲመጣ መልሱን እማ ጠጅቱ ከአፌ ነጥቀው ይመልሱልኛል። “ትረሳለሽ?” ሲሉኝ “ኧረ ሁሉን ታውቃለች፣ ጥቂት ጥቂት ነው” ይላሉ። “ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?” ብለው ጌትነትን ሲያሳዩኝ “ባለቤቴ ነው” እላለሁ። ፈተናውን አለፍሁ ማለት ነው። እያለፍሁ ነው የወደቅሁት።

የሚገርማችሁ፣ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ መቀመጥ እወድ ነበር። እዚያ ማንም ማንንም አያውቅም። አጠገቤ ያለችው ሴት የማን ልጅ ነሽ ሳትለኝ ከቆሎዋ ታቋድሰኛለች። ሰውን አለማወቅ ነውር ያልሆነበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ካርዴ ሲጠራ ቅር ይለኝ ነበር።

ጸበልም ተወሰድሁ። በጸበል አምናለሁ፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። የዚያን ጊዜው ግን እንዲህ ሆነ። አጥማቂው ውሃውን እየረጨ “አንተ፣ ማን ነህ? ስምህን ተናገር!” አለ። እኔን የጠየቀኝ መሰለኝ። “አያልነሽ ነኝ” አልሁ። “ዋሾ! ማን ነህ?” አለና ጨመረብኝ። ስሜን ደግሜ ነገርሁት። ከሕመሙ ወዲህ በእርግጠኝነት የመለስሁት ብቸኛ ጥያቄ ነበር፤ እሱንም ተሳሳትሽ ተባልሁ። ዙሪያውን የቆሙት ሴቶች እልል ለማለት ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፣ እማ ጠጅቱ እያለቀሱ ይጸልያሉ፣ ብርዱ አጥንቴ ገብቷል። አሳዘኑኝ። “ለቅቄያለሁ” አልሁ። ተራራው እልልታውን አስተጋባው። አንዲት የማላውቃት ሴት የራሷን ደረቅ ጋቢ አውልቃ አለበሰችኝ። ቤት ስንደርስ ድናለች ተባለና ለተወሰነ ጊዜ ሕክምናው ቆመ።

ሕክምናውን ያስቀጠለው ጌትነት ነው። ሊጭነው የነበረውን ከሰል እዚያው ለሌላ ነጋዴ አስረከበና “ነገ ባሕር ዳር እንሄዳለን፤ እናቴ፣ አንቺ ቤት ጠብቂ” አለ። ባሕር ዳር ያየን የነርቭ ሐኪም ወጣት ነው፤ ጨዋታ የማያበዛ። የጭንቅላት ፎቶውን አየ፣ ጥቂት ጠየቀ፣ ጌትነት ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት “አንተ ውጭ ጠብቅ” አለው። በሩ ተዘጋ። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

“እዚህ የሚያዝንብሽ ሰው የለም” አለኝ። “ውጭ ያለውን ሰው ታውቂዋለሽ?”

“ባለ…” ብዬ ጀመርሁ። እሱ ያየኛል። ዳቦ አላመጣልኝ፣ አያለቅስ፣ የሚከፋው ነገር የለም።

“ደግ ሰው ነው” አልሁ። “ግን አላውቀውም። ማንንም አላውቅም። እናትና አባቴን፣ ወንድሜን፣ ዳንግላን ነው የማውቀው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።”

ከዚያ ተንሰቀሰቅሁ። ሐኪሙ እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ አይዞሽ እንኳ አላለኝም፤ ያ ነው የጠቀመኝ። ስረጋጋ ጌትነትን አስገባውና “ከዚህ በፊት ራሷን ስታ ታውቃለች?” ብሎ ጠየቀው።

“አንድ ጊዜ ከሰል አፍኗት ነበር። እሱ ግን አለፈ።”

“ለሐኪሞቹ ነግራችሁ ነበር?”

“ማንም አልጠየቀን። ደግሞም ጭስ አልነበረውም፣ ፍም ነበር።”

ሐኪሙ እንዲህ ብሎ አስረዳን፦ ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ አይታይም፣ አይሸትም። ጋዙ ደማችን ውስጥ የአየርን ቦታ ይይዛል፣ አንጎል አየር ያጣል። አንዳንዱ ሰው ወዲያው ድኖ ከሳምንታት በኋላ ነው ጉዳቱ የሚወጣበት፤ ለዚህ ነው የማይጠረጠረው። የጠፋው ትዝታ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። አዲሱን ግን መያዝ እየጀመርሽ ነው አለኝ፤ በቂ እንቅልፍ፣ ቋሚ ሥራ፣ ዕቃሽን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ፣ መራመድ። “ከሁሉ በላይ ደግሞ የማታውቂውን አውቃለሁ አትበይ። አንጎልሽ የሚድነው በሥራ ነው፣ ያደከምሽው በመደበቅ ነው።” መስኮት ሳይከፈት ከሰል ቤት እንዳይገባም አዘዘን፤ የከሰል ነጋዴው ባሌ እንደ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መራዊን ስናልፍ ወደ እሱ ዞርሁ።

“እንደማላውቅህ ሰምተሃል አይደል?” አልሁት። “አንተ” ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

“ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ” አለ። “ያልጠየቅሁሽ መልሱን ፈርቼ ነው። እንደ ሰዉ ሁሉ ‘አወቅሁ’ ብለሽ ትሸነግይኛለሽ፣ አለዚያ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ሁለቱንም አልቻልሁም።”

“በሩንስ ለምን ቆለፍህብኝ?”

“እንዳትጠፊብኝ” አለ። ወደ መስኮቱ ዞሮ “ቆልፌም ጠፋሽብኝ” አለ።

ወደ እንጅባራ የሚሄደው መንገድ በዳንግላ ያልፋል። የማውቀው መንገድ፣ የማውቀው ባሕር ዛፍ፣ የማውቀው ገበያ በመስኮቱ መጣ። “እዚህ ልውረድ” አልሁ፤ ለመናገሬ ራሴ ደነገጥሁ። ጌትነት ተነሳ። ሊከለክለኝ መስሎኝ ተሸማቀቅሁ። እሱ ግን ቦርሳዬን ከላይ አወረደ፣ “ወራጅ አለ!” ብሎ ጮኸ፣ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠልኝ። “መኪናሽን እልክልሻለሁ” አለኝ፤ የስፌቷን ማለቱ ነው። አውቶቡሱ ይዞት ሄደ።

እናቴ በአገውኛ እያለቃቀሰች ተቀበለችኝ፤ ቋንቋው እንዳለ ተቀምጦልኝ ነበር። እዚያ ተሻለኝ። የስፌት መኪናዬ በአይሱዙ መጣችልኝ፤ መቀሴና ሜትሬ አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፣ ጠዋት ጠዋት እራመዳለሁ። ሰው “ታውቂኛለሽ?” ሲለኝ “አላውቅዎትም፣ ታምሜ ነበር፤ ይንገሩኝ” ማለት ለመድሁ። መጀመሪያ ላይ አፌ ይተሳሰር ነበር። ደግሞ የሚገርመው ነገር፣ አላውቅዎትም ስላቸው ብዙዎቹ አይቀየሙም፤ ቁጭ ብለው ይነግሩኛል፣ እኔም በማግስቱ አስታውሳቸዋለሁ። የጠፋው ዘመን ግን አልተመለሰም። ታማሚ የምትጠይቁ ሰዎች ሆይ፣ እባካችሁ ሰውን “ማን ነኝ?” እያላችሁ አትፈትኑ። ገብታችሁ ስማችሁን ተናገሩ፤ በቃ።

ዳንግላም ቢሆን ግን ሌላ መቆለፊያ ነበረው። ጎረቤት “ፈታችው ወይ?” እያለ እናቴን ይጠይቃል። ወንድሜ አንተነህ የቤቱ አባወራ ነው፤ አባታችን እኔ በማላስታውሰው ዘመን ካረፈ ወዲህ ነገር የሚቆርጠው እሱ ነው። “ሰውየው ምን በደለሽ? እስከ መቼ ነው እዚህ?” ይለኛል። ምን እመልሳለሁ? አልበደለኝም። ብመለስ የማላውቀው ሰው ሚስት ሆኜ እንደገና ሳስመስል እኖራለሁ፤ ብቀር አንድ ደግ ሰው ያለ ጥፋቱ ጥዬ መቅረቴ ነው። ሁለቱም መንገድ ይታየኛል፤ በሁለቱም መሄድ አልቻልሁም። ጌትነት ደግሞ አይደውል፣ አይመጣ። ተወኝ ብዬ አሰብሁ፤ ሳስበው የከፋኝ መሆኔ ራሴን ገረመኝ።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ። ከቆሰበር ነው የመጡት። እናቴ ወንበር አወጣች።

“ግቡ፣ ተቀመጡ አባቶች፤ ሊዘንብ ነው።”

“አንቀመጥም” አሉ ትልቁ። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።”

እናቴና አንተነህ ተያዩ። በእኛ ዘንድ ልጅ ለትዳር ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ነገሩ ተስማማ ማለት ነው።

“ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንጠይቅ ነው” አሉ ትልቁ።

“ያለችኝ ሴት ልጅ አያልነሽ ናት” አለች እናቴ፤ “እሷ ደግሞ ባለትዳር ናት።”

“የማን?”

“ኧረ የዚያው የቆሰበሩ፣ የጌትነት ነዋ!”

“የላከን ጌትነት ነው።”

አንተነህ ሳቅ አፈነው፤ ከዚያ ተናደደ። “ቀልድ ነው እንዴ? ሚስቱ አይደለችም? መጥቶ ይውሰዳት!”

“እኛም እንዲሁ ብለነው ነበር” አሉ ሽማግሌው፣ በዱላቸው ተደግፈው። “እሱ ግን ‘እኔን ያገባችኝን ሴት ከሰል ወስዷታል፤ ይህችኛዋን ገና አልጠየቅኋትም’ አለን። ደግሞ አደራ ብሎናል፤ መልሱን ከናንተ ሳይሆን ከእሷ አፍ እንድንሰማ።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ “ያኔ እኮ ማንም አልጠየቀሽም” አለችኝ በቀስታ። “አባትሽ ሰጥቻለሁ አለ፤ አንቺ ጓዳ ነበርሽ።”

ያ ሁሉ ሰው ያን ሁሉ ወራት የጠየቀኝ፣ መልሱን አስቀድሞ ይዞ ነው። እዚህ የቆሙት ግን የምመልሰውን በእውነት አያውቁም። አንተነህ “በይ እሺ በይ” እንደሚል በዓይኑ ይጎተጉተኛል። እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ ለምጄዋለሁ።

“ሰውየውን አላውቀውም” አልሁ።

እናቴ “ወየው” አለች። እኔ ግን ቀጠልሁ። “ደግነቱን አይቻለሁ። በሩን ስለቆለፈብኝም ተናድጄበታለሁ። ግን አላውቀውም፤ አወቅሁት ብዬም አልገባለትም። መተዋወቅ ከፈለገ ራሱ ይምጣ፣ ከዚህ ቤት በር ይጀምር። ጊዜ ይወስዳል። ምናልባት ብዙ።”

ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንደ ልጅ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

“ታዲያ ልጄ፣ እንሂድ ወይስ እንቀመጥ?”

ወንበሩን በነጠላዬ ጠረግሁት።

“ይቀመጡ” አልኋቸው።